ሰማያዊ ሄልሜት በፋቺኖ አጥር ላይ

ሳንታ ኤልቪራ፣ አርጀንቲና
ማርች 6 ቀን 1994

ለተከበሩት አጎቴ ለናሳሬኖ ቦርሴሮ፤
ኩኔኦ፣ ጣሊያን

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የተራራው ብርድ አልጎዳዎትም ወይ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናቴ ትስምዎታለች። በተዘጋው ዳቦ ቤትዎ በር ባለፈች ቁጥር አሁንም ታማትባለች።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለአንድ ጉዳይ ነው፤ እንዳይስቁብኝ። ክለባችን ያንን እርስዎ በመኪና ይወዳደሩበት የነበረውን የድሮ የአፈር ሜዳ አስፋልት አልብሶታል። በወር አንድ እሁድ፣ መኪና ያለው ሁሉ ትንሽ ከፍሎ እንዲነዳበት ይከፍቱታል። ባለፈው እሁድ አጥሩን ተደግፌ አየሁ። ባለ ፋርማሲው ይነዳል፣ የወተት መኪናው ሾፌር ቲቶ ይነዳል፣ የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ሳትቀር ትነዳለች። አንድም ቦርሴሮ የለም! ደሜ ፈላ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ በዱቄት መጫኛው ፎርድ ላይ አስቀምጠው መሪ ያስያዙኝም እርስዎ ነዎት። ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝም በከተማው የምታወቀው «የናሳሬኖ የወንድም ልጅ» ተብዬ ነው። ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። ግን በኦገስት ለቅዱስ ሮኬ በዓል የጀማሪዎች ውድድር ይደረጋል፤ እዚያ መነሻ መስመር ላይ በራሴ ስም መቆም እፈልጋለሁ።

ችግሩ የአስተማሪ ደመወዝ ነው። ገንዘብ ላኩልኝ ማለቴ አይደለም፤ ቢልኩም አልቀበልም። የምፈልገው ምክር ነው። አቅም የሌለው ሰው በየት በኩል ገብቶ ነው ይህን ነገር የሚጀምረው? ከተማው እንደሚያውቁት ነው፤ ግማሹ የፎርድ ወገን፣ ግማሹ የሸቭሮሌት... ይቅርታ አጎቴ፣ በእርስዎ ፊት ስሙ እንደማይጠራ ረሳሁ፤ «ያኛው» ማለቴ ነው። ሁሉም የየራሱን ያወራኛል። እኔ የምጠብቀው ግን የእርስዎን ቃል ነው።

ቡራኬዎን የምትሻ፣
ኒዲያ


ኩኔኦ፣ ማርች 29 ቀን 1994

ለዓይኔ ብርሃን ለኒዲያ፤

የሉሃን ድንግል ማርያም ከክፉ ሁሉ ትጠብቅሽ፤ እጅሽን መሪው ላይ ታጽናልሽ፣ እግርሽንም ፍሬኑ ላይ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር፤ ከነሊጡ ከፈትኩት። የዳቦ ቤቱ ሰዎች «ምን ሆንክ?» ቢሉኝ «የወንድሜ ልጅ ልትወዳደር ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ለእነዚህ ሰዎች መኪና ማለት ሥራ መሄጃ ነው፤ አልገባቸውም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ መሬት አልነካሁም።

አሁን ስሚኝ፤ እኔ ተቃጥዬ የተማርኩትን አንቺ በነጻ ውሰጂው። መጀመሪያ ምንም ነገር አትግዢ። በዚያችው በትንሿ ሲትሮየን መኪናሽ ሜዳው ውስጥ ግቢ፤ ሳቁን ቻይው፤ መንገዱን ልመጂ። ከዚያ ደግሞ መኪና እሠራለሁ ብለሽ እንዳትነሺ። ባዶ ቀፎ በርካሽ ይሸጡልሻል፤ ከዚያ የመከላከያ ብረቱን፣ ወንበሩን፣ ቀበቶውን ስትለቃቅሚ ሦስት መኪና የሚገዛ ገንዘብ ይበላል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሌላ ሰው ጨርሶ የሠራውን፣ ሮጦበት የሰለቸውን ግዢ። ብቻሽንም አትግዢ። ከሚታመን ሰው ጋር ተካፈይው፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ጎማ ይይዛል። የተረፈሽንም ሳንቲም ሞተር ላይ ሳይሆን ፍሬን ላይ አውይው። መሮጥ ያቃተው መኪና አይቼ አላውቅም፤ መቆም ያቃተው ግን ሞልቷል።

ስለ መኪናው ዓይነት መነጋገር ያለብን አይመስለኝም። ቤታችን ሰማያዊ፣ የፎርድ ነው። በአያትሽ ሬሳ ሳጥን ላይ የተነጠፈው የፎርድ ባንዲራ ነው፤ ቄሱ ቅር ቢላቸውም። አክስትሽ ቴልማ ያኛውን የሚነዳ ሰው ስታገባ፣ ለሪናልዶ ሳህን ያቀረብንለት ከሕፃናቱ ጠረጴዛ ነበር። ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው ይበላል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ጥቂት ሊሬ ከደብዳቤው ጋር አድርጌያለሁ። አትቆጪኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ፣
ናሳሬኖ


ሳንታ ኤልቪራ፣ ሜይ 8 ቀን 1994

ለተከበሩት አጎቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ቤታችን ሰላም ነው፤ ብርዱ ገባ፣ የበቆሎው መከር አለቀ። ሊሬውን መንዝሬ በቅዱስ ሮኬ ሙዳይ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ደረሰኝ ከፈለጉ ቅዱሱን ይጠይቁ።

እንዳሉኝ በሲትሮየኔ ገባሁ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ከመጋደሏ የተነሣ፣ በሩን ብከፍት አስፋልቱን በእጄ የምዳብስ መሰለኝ። ቲቶ በወተት መኪናው አጠገቤ ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ፣

«መምህርት! ተማሪዎቹን የት አወረድሻቸው?» አለኝ።

«ወተትህ ሳይረጋ ቶሎ ሂድ!» አልኩት፤ ሄደም።

ሁለተኛው እሁድ ላይ ግን መታጠፊያዎቹን ለመድኳቸው። የጥርስ ሐኪሙን ሚስት ፍሬን በያዘችበት እኔ ሳልይዝ አለፍኳት። እሷ አዲስ መኪና፣ እኔ ሲትሮየን! ሳቁ ቆመ አልልዎትም፤ ቀነሰ እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መኪና አገኘሁ። ነጭ ነው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፤ አሮጌ ቢሆንም ተሠርቶ ያለቀ ነው። ከውስጥ በብረት ታስሯል፣ ወንበሩና ቀበቶው ተገጥሟል፣ ፍሬኑ ባለፈው ዓመት ታድሷል። ባለቤቱ ሸምግሎ መንዳት የተወ ሰው ነው፤ ግማሹን ለእኔ ሸጠልኝ፣ ግማሹ የሴት ልጁ ሆነ። እኔና እሷ በተራ እንነዳለን። የቅዱስ ሮኬን ዕጣ አውጥተን ለእኔ ደረሰኝ። ሲትሮየኗን ሸጥኩና በብስክሌት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ተማሪዎቼ ሩጫ ይገጥሙኛል።

ገንዘብ አልፈልግም ብያለሁ። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፤ በተወዳደሩበት የመጨረሻ ዓመት የገዙትን ሰማያዊ ሄልሜት። እሱን አድርጌ መነሻው ላይ ልቁም።

ልጅዎ፣
ኒዲያ


ኩኔኦ፣ ሜይ 30 ቀን 1994

ለቤታችን ኩራት ለኒዲያ፤

ጤናና ዕድሜ ከነሙሉ ታንክ ይስጥሽ።

ነጭ! ባለ ስድስት ሲሊንደር! የፎርድ ፋልከን! ልጄ፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ጨፈርኩ፤ ባለቤቱ አቶ ፍላቪዮ ጨረስክ ወይ እስኪለኝ ድረስ። ግድግዳው ላይ «ኦገስት 14» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። ዳቦ ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ እኔም ለሁሉም እነግራለሁ። አሁን አንዲት አሮጊት አንቺን በስም ጠርተው ይጸልዩልሻል።

ሄልሜቱን ወደ አገር በምትመለስ ጎረቤቴ እጅ ልኬልሻለሁ። ውስጡን በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ ውጪው ላይ ያለውን ጭረት ግን እንዳታስቀቢው፤ ታሪክ አለው።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ። ከማን ቤት እንደወጣ አልነገርሽኝም። የሶልዳኖ ነው እንዳልል፣ የሱ ቀይ ነበር። ነጭ ፋልከን የነበረው ሰው ማን ነው? እስቲ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ፤ ግድግዳው ላይ ከቀኑ ጎን ልስቀለው።

አጎትሽ


ሳንታ ኤልቪራ፣ ጁላይ 1 ቀን 1994

ለተከበሩት አጎቴ፤

ሄልሜቱ በሰላም ደረሰ። ሳደርገው የእርስዎ የፀጉር ቅባት ሸተተኝ። ሳሙናዎ አልሠራም።

ለጎማ የሚሆን ስላልነበረኝ እንደ ደንባችን የአሳማ ግልገል ሎተሪ አወጣን። ከተማው ሁሉ ትኬት ቆረጠ። ቲቶ ደረሰውና አሳማውን አርዶ ሁላችንንም ጠራን፤ ጎማዎቼ ተገዙ፣ ጥብሱም ተበላ። ክብር ለከተማችን!

ልምምዱ ጥሩ ነው። ብርዱ አስፋልቱን የሚያንሸራትት ቢያደርገውም፣ የርስዎን ቃል እያሰብኩ ቀስ ብዬ እገባለሁ፣ ፈጥኜ እወጣለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ፎቶውን አድርጌያለሁ። ስለጠየቁኝ ሌላው ነገር... ወረቀቱ አለቀብኝ። ሁሉም ሰላም ይልዎታል።

ኒዲያ


ኩኔኦ፣ ጁላይ 20 ቀን 1994

ለኒዲያ፤

ፎቶው ደረሰኝ። ቆንጆ ሆነሽ ወጥተሻል።

እኔ አረጀሁ እንጂ ዓይኔ አልጠፋም። ሰው ከመኪናው ጎን ቆሞ ነው ፎቶ የሚነሳው። አንቺ ፊት ለፊቱ ቆመሽ፣ ቀሚስሽን እንደ መጋረጃ ዘርግተሽ የመኪናውን አፍንጫ ከነምልክቱ ሸፍነሻል። ፋልከን አፍንጫውን የሚሸፍንለት ሰው አይፈልግም።

ከማን ቤት ነው? የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ናሳሬኖ


ሳንታ ኤልቪራ፣ ኦገስት 9 ቀን 1994

ለተከበሩት አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ቡራኬ የሌለበት ደብዳቤ ከእርስዎ ሲደርሰኝ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ አለቀስኩ። ዛሬ ግን ዓይኔን ታጥቤ እጽፋለሁ፤ የማፍርበት ነገር የለኝምና።

መኪናው ያኛው ነው። ከሴቬሪኖ ፋቺኖ ቤት ነው የወጣው፤ አብራኝ የምትነዳው ልጁ ፀጉር ሠሪዋ ኢርማ ናት። አዎ፣ ያ የዕድሜ ልክ ባላንጣዎ፤ በመንገድ ሲያይዎ መንገድ የሚቀይረው፣ እርስዎም የሚቀይሩበት ሰው።

ለምን አልነገርሽኝም ይሉኛል። ፈርቼ ነው። ግን እስቲ በራስዎ ሚዛን ይፍረዱ። «ያላለቀ አትግዢ» አሉኝ። የሶልዳኖን ፋልከን ሄጄ አየሁት፤ ወለል የለውም፣ ዶሮ ተኝቶበታል። «ብቻሽን አትግዢ» አሉኝ፤ ሌላው ባለ ፋልከን ለሴት ግማሽ አልሸጥም ብሎ ሳቀብኝ። «ፍሬኑን እይ» አሉኝ፤ አየሁ። «የሚታመን ሰው ፈልጊ» አሉኝ፤ ከኢርማ የሚታመን በከተማው የለም። አጎቴ፣ ምክርዎን አንድ በአንድ ተከትዬ ስሄድ የደረስኩት ፋቺኖ ግቢ ነው። የሰው ወርቅም አይደለም፤ ግማሹ የኔ ነው፣ በላቤ የገዛሁት።

ጋሽ ሴቬሪኖስ ቀላል ሰው ይመስሉዎታል? ሄልሜትዎን ይዤ የመጣሁ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣

«አንቺ ግቢ፤ ያ ሰማያዊ ነገር ግን ግቢዬ አይገባም» አሉኝ።

«የት ላድርገው ታዲያ ጋሽ ሴቬሪኖ?»

«የትም! መንገዱ የመንግሥት ነው።»

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን ልሠራ በሄድኩ ቁጥር ሄልሜትዎን ከውጭ አጥሩ እንጨት ላይ ሰቅዬ እገባለሁ። መንገደኛው ሁሉ አይቶ ይስቃል። እኔ ግን ሳልሰቅለው ቀርቼ አላውቅም፤ ቤቴ ሰማያዊ መሆኑን ሁሉም እንዲያውቅ።

እሁድ እነዳለሁ። በቦርሴሮ ስም ተመዝግቤያለሁ። ቡራኬዎ ባይደርሰኝም የድሮው ይበቃኛል።

ኒዲያ


ሳንታ ኤልቪራ፣ ኦገስት 16 ቀን 1994
የቅዱስ ሮኬ ዕለት

ለተከበሩት አጎቴ፤

መልስዎን ሳልጠብቅ ልጽፍ ነው፤ ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

እሁድ ጠዋት ያካፋ ነበር። እኔና ኢርማ መኪናውን ከግቢ አውጥተን፣ ጎማውን ጭነን፣ እየተጣደፍን ሜዳው ደረስን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ልለብስ ስል ሄልሜት የለም! አጥሩ እንጨት ላይ ቀርቷል። ግቢ የማይገባ ዕቃ ማን ያስታውሰው? በከተማችን ታሪክ በዚህ ምክንያት ሄልሜት የረሳ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ኢርማ የሷን ልታውሰኝ አለች፤ ሰፍቶኝ ራሴ ላይ ይዞራል፤ ተቆጣጣሪው አይቶ በጭራሽ አለ። መኪኖቹ መሰለፍ ጀመሩ። መሪውን ይዤ አለቀስኩ።

ያኔ የጋሽ ሴቬሪኖ አሮጌ የጭነት መኪና ጭቃውን እየረጨ መጣ። ወረዱ። ሄልሜትዎን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ በገዛ መሐረባቸው ዝናቡን እየጠረጉት ነው። ሰማያዊ ነገር የማይነኩት ሰውዬ! ሁሉም አፉን ከፍቶ ቆመ።

«ምን ታፈጪያለሽ? ያዢው!» አሉኝ። «ዝናብ ሲመታው አየሁት። የሰው ዕቃ ነው።»

«ግቢዎ አስገቡት እንዴ?»

«ከአጥሩ ወደ መኪናዬ ነው። ግቢዬ አልገባም!» ቀበቶዬን ጠበቅ አደረጉልኝ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ «ያ ሞኝ አጎትሽ በሰባ ስምንቱ ውድድር ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ በውስጥ በኩል አልፎኛል። ፍሬን ሳይዝ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንደሱ እንዳትነጂ» አሉ። ትንሽ ሄደው ተመለሱ። «ወይም ደግሞ እንደሱ ንጂ።»

ነዳሁ አጎቴ! ከመጨረሻው ረድፍ ተነስቼ ነዳሁ። መንገዱ ሲደርቅ አንድ በአንድ ያዝኳቸው። ቲቶን ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ በውስጥ በኩል አለፍኩት። ድምፅ ማጉያው «ቦርሴሮ... በሸቭሮሌት!» አለ። የእኛዎቹ ሰማያዊ ባንዲራቸውን ይዘው ያውለብልቡት አያውለብልቡት ግራ ገባቸው፤ እነዚያም እንደዚሁ። መጀመሪያ የተነሣው ማን መሰለዎት? የአክስቴ የቴልማ ባል ሪናልዶ። ወንበር ላይ ወጥቶ «የኛ ልጅ ናት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም ጮኸ።

አሥራ አንደኛ ወጣሁ። ከኋላዬ ብዙ ነበሩ። ይባርኩኝም ይርገሙኝም እኔ በራሴ ኮርቻለሁ፤ በእርስዎም።

ኒዲያ ቦርሴሮ


ኩኔኦ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1994

ለልጄ፣ ለነጂዋ ለኒዲያ ቦርሴሮ፤

ዘገየሁብሽ። የኦገስት 9 ደብዳቤሽን አንብቤ ከዱቄት ከረጢት ሥር ከተትኩት። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ቀንም ገነጠልኩ። የዳቦ ቤቱ ሰዎች «ልጅቷስ?» ሲሉኝ «ዝናብ ነው፣ ውድድሩ ተላልፏል» እያልኩ ከረምኩ። ቀጥሎ ሁለተኛው መጣ። እሱንም ሳልከፍተው ብዙ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ከፈትኩት፤ ከመሐረቡ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

ሴቬሪኖ በመሐረቡ! ልጄ፣ ያ ሰው ከንፍጡ ሌላ በመሐረብ የጠረገው ነገር የለም። አመስግኚልኝ። በሰባ ስምንት ፍሬን ሳይዝ ነው ያለው ግን ውሸት ነው፤ ይዤ ነበር። ቢሆንም እንዳትነግሪው፤ በዚሁ ይንገብገብ። ለሪናልዶም ንገሪው፤ ስመለስ ወንበሩ ከኔ ጎን ነው፤ ከሕፃናቱ ጠረጴዛ ሳህኑን ያንሳ።

ያለቀ ግዢ፣ ተካፈይ፣ ፍሬን እይ ብዬ የመከርኩሽ እኔ ነኝ። እውነትሽን ነው፤ መንገዱን ጠርጌ ያሳየሁሽ እኔ፣ የደረስሽበት ግን አንቺ።

ትናንት ጠዋት ዳቦ ገዢው በሞላበት ሰዓት ባንኮው ላይ ወጣሁና «የወንድሜ ልጅ አሥራ አንደኛ ወጣች!» ብዬ ለፈፍኩ። አጨበጨቡ። ስምሽን ይዘው የሚጸልዩት አሮጊት እያለቀሱ ሳሙኝ። ያ ነገረኛ ፍላቪዮ ከምድጃው ጀርባ ብቅ ብሎ፣

«በምን መኪና?» አለኝ።

አባቴን አሰብኳቸው፤ ባንዲራውን አሰብኩ፤ አንቺን ከአጥሩ እንጨት አጠገብ አሰብኩሽ።

«በሸቭሮሌት!» አልኩ። ጣራው አልወደቀብኝም። እንዲያውም ጣፈጠኝና ደገምኩት።

ፎቶሽን ምድጃው አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ሌላ ግን ላኪልኝ፤ አሁን ከጎኑ ቁሚ።

የሉሃን ድንግል አንቺን ትጠብቅሽ፣ ኢርማን ትጠብቅ፣ ያንን ግትር አባቷንም። ሸቭሮሌቱንም ትጠብቀው፤ በተለይ ፍሬኑን።

የሚኮራብሽ አጎትሽ፣
ናሳሬኖ